ኔትወርክ ሳይጠፋ ይፈተሽ፦ የብራየርን አዲስ ቨርዥን እንዴት እንሞክረዋለን?

ኢንተርኔት ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ኢንቦክሳችን በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቻት አፕ የለም እንዴ?» መልሱ «አለ» ነው። ችግሩ አፑ ትዝ የሚለን ኢንተርኔት ከጠፋ በኋላ፣ ማውረድ የምንችለው ደግሞ ኢንተርኔት እያለ መሆኑ ነው። ሌላም ነገር አለ። አንድ አፕ ስልካችን ላይ ስለተጫነ ብቻ በጭንቅ ቀን ይሠራል ማለት አይደለም። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ደግሞ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ እምቢ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ብራየር ስለተባለው አፕ እናወራለን። ምን እንደሆነ፣ አዲስ ቨርዥኑ ሲወጣ በእጃችሁ ባለ ስልክ እንዴት እንደምትፈትሹት፣ ችግር ስታገኙ ለማን እንደምትነግሩ፣ እና አፑ ምን እንደማያደርግላችሁ በቅደም ተከተል እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጉት።

ጊዜ ለሌላችሁ በአጭሩ፦ አፑን ዛሬ ጫኑ፣ ከምታምኑት ሰው ጋር ሁኑ፣ ዳታውን አጥፉና መልእክት ይደርስ እንደሆነ እዩ። ያልሞከራችሁትን አፕ አትተማመኑበት።

■ ብራየር ምንድን ነው?

በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በሲግናል መልእክት ስትልኩ መልእክቱ በቀጥታ ወደ ጓደኛችሁ ስልክ አይሄድም። መጀመሪያ የድርጅቱ ሰርቨር ጋ ይደርስና ከዚያ ወደ ጓደኛችሁ ይላካል። ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ፣ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ እንኳ መጻጻፍ አትችሉም።

ብራየር የመልእክት ሰርቨር የለውም። ፒር ቱ ፒር ነው፤ ስልክ ከስልክ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ለዚህም ሦስት መንገድ ይጠቀማል፦

1. ብሉቱዝ፦ ሁለቱ ስልኮች ሲቀራረቡ።
2. ዋይፋይ፦ ሁለቱ ስልኮች አንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ችግር የለም።
3. ኢንተርኔት፦ ሲኖር በቶር በኩል። ቶር በዓለም ዙሪያ በጎ ፈቃደኞች በሚያንቀሳቅሷቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ መልእክቱን እያዘዋወረ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ የሚደብቅ መረብ ነው።

ለመመዝገብ ስልክ ቁጥርም ኢሜይልም አይጠይቅም። ቅጽል ስምና ፓስዎርድ ብቻ ነው። አካውንቱ፣ የጓደኞቻችሁ ዝርዝርና መልእክቶቹ የሚቀመጡት ስልካችሁ ውስጥ ተቆልፈው ነው፤ ክላውድ የሚባል ነገር የለም። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል። ኪውር53 የተባለው የጀርመን የደህንነት ፍተሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዱን መርምሮት ነበር፤ ቁጥር 1.0 የተባለው ቨርዥን የወጣው ደግሞ በ2018 ነው።

አይፎን ያላችሁ ይቅርታ፣ ለእናንተ የለም። የአፕል ሲስተም አፖች ከጀርባ ሆነው ሳያቋርጡ እንዲሠሩ አይፈቅድም፤ ብራየር ደግሞ ያለዚያ አይኖርም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለአንድሮይድ ተጠቃሚዎች ነው።

■ አዲስ ቨርዥን ለምን ይፈተሻል?

«ኮዱ ክፍት ከሆነ ባለሙያዎች አይተውት የለ? እኔ ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ሁለት እውነተኛ ታሪኮች እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የሆነ ነው። ኤክስዜድ የተባለች ትንሽ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር አለች፤ ፋይል ትጨምቃለች፣ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ውስጥ ትገኛለች። በዓመታት ሥራ የባልደረቦቹን አመኔታ ያገኘ አንድ ተሳታፊ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖቿ ውስጥ ድብቅ የጓሮ በር አስገባባት። ይህን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ነው። ገና ለሙከራ በወጣ የዴቢያን ቨርዥን ላይ የራሱን ሥራ ሲፈትሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ሌላ ሰው «ኮኔክሽን ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ምክንያቱን ፈለገና ጉዱን አወጣው። የጓሮ በሩ ዓለም ወደሚጠቀምባቸው የተረጋጉ ቨርዥኖች ሳይደርስ ተያዘ። ሙከራ ማለት ይኼ ነው፤ ትንሿን ነገር አይቶ አለማለፍ።

ሁለተኛው ብሪጅፋይ ስለተባለ አፕ ነው። ይህም በብሉቱዝ የሚሠራ የመልእክት አፕ ሲሆን በ2019 በሆንግ ኮንግ ተቃውሞዎች ጊዜ ስሙ ገነነ። በ2020 ግን በእንግሊዝ የሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መርምረው፣ በጊዜው የነበረው ቨርዥን የሌላን ሰው መልእክት ለማንበብ፣ ሌላ ሰው መስሎ ለመላክና ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ለማወቅ የሚያስችል ቀዳዳ እንዳለበት አሳዩ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የምስጠራ ዘዴውን ቀይሯል። ያ ሁሉ ሰው ግን በአፑ የተማመነው ከምርመራው በፊት ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጧል፤ የኋለኛው ሳምንታት ወስዷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ስልክም ጭምር ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ «እስቲ ይህን አፕ ልማረው» የሚባልበት ጊዜ አይኖርም።

አንድ ነገር እንጨምር። ብራየርን የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። የአንድሮይድ ስልክ ዓይነት ግን ስፍር ቁጥር የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች ባትሪ ለመቆጠብ የራሱን ደንብ ይጨምርበታል። ገንቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ የሌለው ስልክ እናንተ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የእናንተ ሙከራ ለእናንተ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው።

■ ከመጀመራችሁ በፊት

አንደኛ፦ ሁለተኛ ስልክ ካላችሁ በእሱ ሞክሩ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠች አሮጌ ስልክ ትበቃለች። «ቤታ» የሚል ስም ያለው ቨርዥን ገና በሙከራ ላይ ነው ማለት ነው፤ የዕለት ተዕለት ቻታችሁ ያለበት ስልክ ላይ አትጫኑት። «ስቴብል» የሚባለው ለሁሉም ሰው የተለቀቀው ነው። እሱንም ቢሆን ከመተማመናችሁ በፊት ፈትሹት።

ሁለተኛ፦ አፑን ከየት እንደምታወርዱ ተጠንቀቁ። ፕሌይ ስቶር፣ ኤፍ-ድሮይድ ወይም የፕሮጀክቱ የራሱ ድረ ገጽ ይበቃል። «ብራየር ፕሪሚየም»፣ «ብራየር ሞድ» እያለ በቴሌግራም ቻናል ኤፒኬ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ እለፉት። አፑ ነፃ ነው፤ ፕሪሚየም የሚባል ነገር የለውም።

ሦስተኛ፦ አፕዴት ስታደርጉ ስልኩ «አፑ አልተጫነም፣ ካለው ጋር ይጋጫል» የሚል ነገር ካመጣ ቸኩላችሁ የድሮውን አታጥፉ። አንድሮይድ አንድን አፕ በሌላ ቁልፍ በተፈረመ ኤፒኬ እንዲተካ አይፈቅድም። መልእክቱ አዲሱ ፋይል ከሌላ ቦታ የመጣ ወይም የተነካካ ሊሆን እንደሚችል የሚነግራችሁ ማስጠንቀቂያ ነው። ብራየርን አንኢንስቶል ካደረጋችሁ ደግሞ አካውንቱ፣ ጓደኞቹ፣ መልእክቱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

አራተኛ፦ ፓስዎርዱን እንዳትረሱት። «ፓስዎርድ ረሳሁ» የሚል በተን የሚያድናችሁ አይደለም፤ ያለው መፍትሔ አካውንቱን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ብቻ ነው። ሰርቨር ስለሌለ መልሶ የሚሰጣችሁ አካል የለም።

አምስተኛ፦ በሙከራ ጊዜ እውነተኛ ምስጢር አትጻፉ። «ሙከራ 1፣ ሙከራ 2» በቂ ነው። ቁጥር መስጠት የትኛው መልእክት እንደቀረ ለማወቅም ይረዳል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ የስልኩን ሞዴል፣ የአንድሮይዱን ቨርዥን፣ የብራየርን ቨርዥንና ሰዓቱን መዝግቡ።

■ ስምንቱ ፈተናዎች

▸ ፈተና 1፦ መተዋወቅ

ሁለት ሰው በአካል ተገናኙ። ሁለታችሁም «በአቅራቢያ ያለ ሰው ጨምር» የሚለውን ምረጡና አንዱ የሌላውን ኪውአር ኮድ ስካን ያድርግ። አፑ የካሜራ ፈቃድ ይጠይቃል። በቆዩ አንድሮይዶች ላይ ደግሞ የሎኬሽን ፈቃድ ይጠይቃል፤ እነዚያ አንድሮይዶች ብሉቱዝ ለመፈለግ የግድ ሎኬሽን ስለሚሉ ነውና አትደንግጡ።

በአካል መገናኘት ካልተቻለ ሊንክ በመለዋወጥም ይሆናል። ሁለቱም ሰዎች የሌላውን ሊንክ ማስገባት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ቢያስገባ አይሠራም። ግን ሊንኩን የምትልኩበትን መንገድ የሚቆጣጠር ሰው ካለ ሊንኩን በራሱ ሊተካው ይችላል። ስለዚህ ዋናው መንገድ በአካል ነው።

እዚህ ላይ የሚመዘገበው፦ በስንተኛው ሙከራ ተገናኛችሁ? ስንት ደቂቃ ፈጀ?

▸ ፈተና 2፦ ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ

በሁለቱም ስልክ ዳታ አጥፉ። ሲሙን ብታወጡት ደግሞ ይበልጥ እርግጠኛ ትሆናላችሁ። አንዱ ሆትስፖት ይክፈት፣ ሌላው ይግባበት። አሁን አሥር መልእክት ላኩና የራይት ምልክቱን ተከታተሉ፦ አንድ ራይት ተልኳል፣ ሁለት ራይት ደርሷል ማለት ነው። ቀጥሎ ፎቶ ላኩ።

ይህንኑ በካፌ፣ በሆቴል ወይም በዶርም ዋይፋይ ድገሙት። እንዲህ ዓይነት ቦታ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ደንበኞች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይከለክላል። ያን ጊዜ ብራየር በዋይፋይ አይገናኝም። የአፑ ጥፋት ስላልሆነ እንደ ባግ አትቁጠሩት፤ ግን የትኛው ዋይፋይ እንደማይሠራ ማወቃችሁ ትልቅ ነገር ነው።

▸ ፈተና 3፦ ብሉቱዝ ብቻ

ዋይፋዩንም አጥፉ። መጀመሪያ አንድ ሜትር ላይ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር ሜትር ላይ ሆናችሁ ላኩ። ቀጥሎ መሐላችሁ ግድግዳ አስገቡ። የስልክ ብሉቱዝ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ሜትር ወዲህ ነው የሚመቸው፤ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ በጣም ያሳጥረዋል።

ከሁሉም ዋናው ፈተና ይኼ ነው፦ ከአንዱ ራቁና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። ስልኩን ሳትነኩት በራሱ ተገናኘ? ስንት ደቂቃ ቆየ? በእውነተኛው ቀን ሰዎች መንገድ ላይ የሚገናኙት ለደቂቃዎች ነውና ይህን ቁጥር በደንብ ያዙት።

▸ ፈተና 4፦ ስክሪን ጠፍቶ ማደር

ብዙ ስልክ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ብራየር ገና ስትጭኑት ከጀርባ እንዲሠራ ፈቃድ ይጠይቃችኋል፤ ፍቀዱ። ነገር ግን አንዳንድ አምራቾች ከዚያ በላይ የራሳቸው «ባትሪ ማናጀር» አላቸው። ስክሪኑ ጠፍቶ ትንሽ ሲቆይ አፑን ይዘጉታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብራየርን ከእነዚህ ገደቦች አውጡት።

ከዚያ ሦስት ጊዜ ፈትኑ፦ ስክሪኑ ከጠፋ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ እና ካደረ በኋላ። ማታ የነበረውን የባትሪ ፐርሰንትና ጠዋት ያለውን ጻፉ። አዲሱ ቨርዥን ከድሮው የበለጠ ባትሪ ከበላ ያ ራሱ ሪፖርት የሚደረግ ነገር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ ብራየር በራሱ አይገባም። መልእክቶቹ በፓስዎርዳችሁ ስለተቆለፉ እናንተ ፓስዎርዱን እስክታስገቡ ድረስ ምንም አይቀበልም። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ያለቀበት ስልክ ቻርጅ ሲደረግ ይህን መርሳት ቀላል ነው።

▸ ፈተና 5፦ የሦስት ሰው ፈተና

ስለ ብራየር በየቦታው የሚወራው ትልቁ ስህተት «መልእክቱ ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ እየዘለለ አገር ያቋርጣል» የሚለው ነው። አይደለም። የግል መልእክት በማያውቁት ሰው ስልክ አያልፍም። ኢንተርኔት በሌለበት አዲስ አበባ ያለ ሰው ባሕር ዳር ላለ ጓደኛው የግል መልእክት ቢጽፍ፣ ስልኮቻቸው እስኪቀራረቡ ድረስ ወይም መልእክቱ በሚሞሪ ካርድ ተይዞ እስኪሄድ ድረስ እዚያው ይጠብቃል።

እየተቀባበለ የሚሄደው በግሩፕና በፎረም የተጻፈ ነው። ይህን እንዲህ ፈትኑ። ሳሚ፣ ሄለንና ናቲ አሉ እንበል። ሄለን የሁለቱም ጓደኛ ናት። ሳሚ ፎረም ከፍቶ ለሄለን ያጋራል፣ ሄለን ደግሞ ለናቲ ታጋራለች። አሁን የሦስቱም ዳታ ይጥፋ። ሳሚ አንድ ክፍል ሆኖ ፎረሙ ላይ ይጻፍ፣ ሄለን አጠገቡ ሆና ትቀበል። ከዚያ ሄለን ተነስታ ናቲ ወዳለበት ሌላ ሕንፃ ትሂድ። የሳሚ ጽሑፍ ናቲ ጋ ከደረሰ ፈተናው አልፏል። መልእክቱን የወሰደችው በእግሯ የሄደችው ሄለን ናት።

▸ ፈተና 6፦ በሚሞሪ ካርድ

ብራየር ለአንድ ጓደኛ የተጻፈ መልእክትን ወደ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ በተቆለፈ ፋይል ያወጣል። ካርዱን የያዘው ሰው ማንበብ አይችልም፤ የሚከፍተው የተላከለት ሰው ብራየር ብቻ ነው። ፋይሉን አውጡ፣ ወደ ሌላኛው ስልክ አዙሩ፣ እዚያ አስገቡና መልእክቱ መምጣቱን እዩ። ርቀቱ ከብሉቱዝ አቅም በላይ ሲሆን ያለው አማራጭ ይኼ ስለሆነ አትዝለሉት።

▸ ፈተና 7፦ አፑን ያለ ኢንተርኔት ማካፈል

በዜንደር አፕ መላላክ ለምደናል። ብራየር ይህን በራሱ ያደርጋል። ሴቲንግ ውስጥ «ይህን አፕ ያለ ኢንተርኔት አጋራ» የሚል አማራጭ አለ። ስልኩ የራሱን ሆትስፖት ይከፍታል፣ ተቀባዩ ኪውአር ኮድ ስካን አድርጎ ይገባል፣ ከዚያ ሌላ ኪውአር ኮድ ወደ ማውረጃው ይወስደዋል። ተቀባዩ ብራየር የሌለው ሰው ይሁን። ያልለመደ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል? የት ላይ ግራ ገባው? ይህም መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

▸ ፈተና 8፦ አፕዴት ራሱ

ይህን በሁለተኛው ስልክ ብቻ አድርጉ። መጀመሪያ የድሮውን ቨርዥን ጫኑ፣ አካውንት ክፈቱ፣ ጓደኛ ጨምሩ፣ የተወሰነ መልእክት ተለዋወጡ። ከዚያ ሳታጠፉት አዲሱን በላዩ ጫኑ። የድሮው መልእክት አለ? ጓደኞቹ አሉ? ፓስዎርዱ ይከፍታል? ቀጥሎ አዲሱ ቨርዥን ያለው ስልክ የድሮው ካለው ስልክ ጋር ይነጋገር። ሁሉም ጓደኞቻችሁ በአንድ ቀን አፕዴት አያደርጉምና ይህ ወሳኝ ነው።

ልብ በሉ፦ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንድሮይድ አሮጌ ቨርዥንን በአዲስ ላይ በተለመደው መንገድ አይጭንም። አዲሱ ካልተስማማችሁ ማድረግ የምትችሉት አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ነው፤ ያ ማለት ደግሞ ሁሉንም ጓደኛ እንደገና መጨመር ነው። ዋናው ስልካችሁን አፕዴት የምታደርጉት ከዚህ ፈተና በኋላ ይሁን የምንለው ለዚህ ነው።

■ ብራየር የማያደርግላችሁ

ፈተናዎቹን ሁሉ ቢያልፍም የማይሸፍነው አለ። እነዚህን ሳያውቁ መተማመን አደጋ ነው።

• ስልኩ ተከፍቶ ሰው እጅ ከገባ ምንም ምስጠራ አያድናችሁም። የስልኩን ስክሪን ሎክና የብራየርን ፓስዎርድ አንድ ዓይነት አታድርጉ።

• ምስጠራው መልእክታችሁን ይደብቃል እንጂ ብራየር ስልካችሁ ላይ መኖሩን አይደብቅም። ብሉቱዛችሁ ክፍት መሆኑንም በአቅራቢያ ያለ መሣሪያ ማየት ይችላል።

• ጓደኛችሁ የጻፋችሁለትን በሌላ ስልክ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ብራየር ስክሪንሾት ይከለክላል እንጂ ሰውን አይከለክልም።

• የግል ግሩፕ ውስጥ ያሉ አባላት ሌሎቹን አባላት ያያሉ። ግሩፕ ውስጥ የምታስገቡትን ሰው ምረጡ።

• በዱባይ፣ በሪያድ ወይም በዋሽንግተን ያለ ቤተሰብ ጋር በብራየር መጻጻፍ የሚቻለው ሁለቱም ጋ ኢንተርኔት ሲኖር ነው። አገር ቤት ኢንተርኔት ከጠፋ ብሉቱዝ ባሕር አያሻግርም። «ብራየር አለን፣ አንጠፋፋም» ብላችሁ እናታችሁን ተስፋ አትስጧት።

ኢንተርኔት እያለም ቢሆን ሁለታችሁ በአንድ ሰዓት ኦንላይን መሆን አለባችሁ። የሰዓት ልዩነቱ ካስቸገረ ብራየር ሜይልቦክስ የሚባል ሌላ አፕ አለ። በትርፍ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይጫንና ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ፣ መልእክት እየተቀበለ ያቆያል። የተቆለፈውን መልእክት ግን ራሱ አያነበውም።

■ ችግር ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

«አፑ አይሠራም» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። ጥሩ ሪፖርት አራት ነገር አለው፦ ምን ይዛችሁ እንደነበር፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደሆነ። ለምሳሌ፦

«ሁለት ስልክ፣ አንዱ አንድሮይድ 10፣ ሌላው አንድሮይድ 13። ዳታና ዋይፋይ ጠፍቷል፣ ብሉቱዝ በርቷል። በአንድ ሜትር ርቀት መልእክት ይደርሳል። አንዱ ርቆ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲመለስ በራሱ አልተገናኘም። ብሉቱዝ አጥፍተን ስናበራ ተገናኘ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ሦስቱም ያው ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ጊዜ የተደገመ ነገር ግን ገንቢው ቁጭ ብሎ የሚፈልገው ነው።

መላኪያው አፑ ውስጥ አለ። ሴቲንግ ውስጥ አስተያየት መላኪያ ታገኛላችሁ። ኢሜይላችሁን ማስገባት ግዴታ አይደለም፤ ስለ ስልካችሁ የሚላከውን መረጃም አይታችሁ መቀነስ ትችላላችሁ። አፑ ክራሽ ካደረገ ደግሞ ራሱ ሪፖርት ልትልኩ ትፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል፤ እናንተ ሳትፈቅዱ አይልክም። የሚላከውም በቶር በኩል ነው።

በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ አጭርና ቀላል ይሁን። ግራመር የሚያርም የለም፣ ደረጃ በደረጃ መሆኑ ይበቃል። ስክሪንሾት ስለማይቻል በሌላ ስልክ ፎቶ ካነሳችሁ የጓደኞቻችሁን ስም ሸፍኑ።

ያገኛችሁት ችግር የሰው መልእክት የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ሕዝብ ፊት አትለጥፉት፤ ለእኛም ኮመንት ላይ አትጻፉልን። መጀመሪያ ለገንቢዎቹ ብቻ በግል አሳውቁ። ቀዳዳው ሳይደፈን ከተወራ የሚጎዱት ዛሬ በአፑ የሚጠቀሙት ናቸው።

■ ውጤቱን እንዴት እናንብበው?

የእኛ መለኪያ ይህ ነው። ፈተና 2፣ 3 እና 4 ካለፉ አፑ በእናንተ ስልክ ላይ ለሰፈርና ለግቢ ይሆናል። ፈተና 4 ከወደቀ፣ ማለትም ስክሪን ሲጠፋ አፑ ከሞተ፣ ሌላው ቢሠራም አትተማመኑበት፤ ወይ ሴቲንጉን አስተካክላችሁ ድገሙ ወይ ሌላ ስልክ ሞክሩ። ፈተና 8 ከወደቀ ዋናውን ስልክ አፕዴት ሳታደርጉ ችግሩን ሪፖርት አድርጉና የሚቀጥለውን ቨርዥን ጠብቁ።

ይህ መለኪያ ለብራየር ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. የትዊተር መሥራች የነበረው ጃክ ዶርሲ ቢትቻት የተባለ በብሉቱዝ የሚሠራ አፕ ይዞ ሲመጣ ዓለም ተንጫጫ። በሳምንቱ ግን ኮዱ በውጭ ባለሙያ እንዳልተመረመረ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት፤ ሰው መስሎ መግባት የሚያስችል ቀዳዳም ተገኝቶበታል። ነገ ደግሞ ሌላ አፕ ይመጣል። ስሙ ሳይሆን ፈተናው ይወስን።

ሁሉንም ፈተና ለመጨረስ አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ አዳር ይበቃል። ብቻችሁን ግን አይሆንም። አፑን ብትፈልጉት ከማን ጋር ነው የምትጻጻፉት? ከእህታችሁ? ከዶርም ጓደኛችሁ? ከጎረቤት? ፈተናውን ከዚያው ሰው ጋር አድርጉት። ኢንተርኔት በጠፋ ቀን የሚጠቅማችሁ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ብቻ አይደለም፤ እሱ ስልክ ላይም አለ ወይ፣ ፓስዎርዱን ያስታውሳል ወይ ነው ጥያቄው።

የየትኛው ፈተና ውጤት እንዳስገረማችሁ ከነስልክ ሞዴላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልን። አብሯችሁ ለሚፈትነው ሰው ደግሞ አሁኑኑ ሼር አድርጉለት።